«ሳይቃጠል በቅጠል»፦ መርዛማ ብረቶች በዕፅዋት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት በብርሃንና በድምፅ የመከታተል ሳይንስ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 «ሳይንስ» በተሰኘው የምርምር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት፣ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ የአፈር ናሙናዎችን መረጃ አጠናቅሮ አሳሳቢ ውጤት ይፋ አድርጓል። በቻይናው ቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራው ይህ ጥናት፣ ከዓለም የእርሻ መሬት ከ14 እስከ 17 በመቶ የሚሆነው ቢያንስ በአንድ መርዛማ ብረት ከደኅንነት ወሰን በላይ እንደተበከለ ገምቷል። ከ900 ሚሊዮን እስከ 1.4 ቢሊዮን የሚደርሱ ሰዎችም ከፍ ያለ ስጋት ባለባቸው አካባቢዎች እንደሚኖሩ አመልክቷል። ከደቡብ አውሮፓ ተነሥቶ መካከለኛው ምሥራቅንና ደቡብ እስያን አቋርጦ እስከ ደቡብ ቻይና የሚዘልቅ፣ በብረት ክምችት ከሌላው የሚለይ አንድ ሰፊ መቀነትም በካርታው ላይ ታይቷል።

ይህ መቀነት በአካባቢው ለሚኖሩና ለሚሠሩ ሰዎች ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በየዕለቱ ከገበያ የሚሸመተው ሩዝ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ድንች የሚበቅለው በዚሁ መቀነት ውስጥ በሚገኝ፣ ወይም ከዚያ ውጭ ቢሆንም ተመሳሳይ ችግር በተጋረጠበት አፈር ላይ ነው። ብክለቱ በዓይን አይታይም፤ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። በመሆኑም የፖሊሲ አውጪዎችና የሳይንስ ባለሙያዎች ጥያቄ ብክለት አለ ወይስ የለም ከሚለው አልፎ፣ ጉዳቱ ከማሳ ወደ ማዕድ ከመድረሱ በፊት በምን ዘዴ ቀድሞ ይታወቃል ወደሚለው ተሸጋግሯል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ፣ ቅጠል ብርሃን ሲያርፍበት የሚያሰማውን እጅግ ስስ ድምፅ ማዳመጥ ነው። ዘዴው ፎቶአኩስቲክ ስፔክትሮስኮፒ ይባላል።

ብረቶቹ ከየት ይመጣሉ?

መርዛማ ከሚባሉት ብረቶችና ብረት መሰል ንጥረ ነገሮች መካከል ካድሚየም፣ እርሳስ፣ አርሰኒክ፣ ሜርኩሪና ክሮሚየም በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ደግሞ ለዕፅዋት በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ሆነው ሳለ መጠናቸው ሲበዛ ይመርዛሉ። ከፊሎቹ በተፈጥሮ ከዐለት የሚመነጩ ናቸው። ሌሎቹ ከማዕድን ማውጫ፣ ከቆዳ ማልፊያ፣ ከብረታ ብረት ማቅለጫ፣ ከባትሪ ሥራ፣ ከተሽከርካሪ ጭስና ካልታከመ የከተማ ፍሳሽ ይመጣሉ። ከፎስፌት ዐለት የሚሠራ ማዳበሪያም እንደ ዐለቱ ምንጭ የተለያየ መጠን ያለው ካድሚየም ይዞ ወደ ማሳ ሊገባ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2022 ጀምሮ በዚህ ዓይነት ማዳበሪያ ላይ ለአንድ ኪሎግራም ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ (P2O5) ከ60 ሚሊግራም ያልበለጠ ካድሚየም እንዲኖር ወሰን ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የብረት ብክለት ከሌላው ብክለት የሚለይበት ዋና ባሕርይ አለመበስበሱ ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት በጊዜ ብዛት ሊፈራርስ ይችላል፤ ካድሚየም ግን ዛሬም ካድሚየም ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ነው። በሰው አካል ውስጥ ሲገባም ኩላሊት ላይ ይከማቻል፤ የተከማቸው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ሊወስድበት ይችላል።

የጃፓን ታሪክ ለዚህ መራራ ምስክር ነው። በቶያማ ግዛት በጂንዙ ወንዝ ግርጌ ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች፣ ከወንዙ ራስጌ ካለ የማዕድን ማውጫ በወረደ ካድሚየም በተበከለ ውሃ የሩዝ ማሳቸውን ለዓመታት ሲያጠጡ ኖሩ። አጥንታቸው እየሳሳ በትንሽ እንቅስቃሴ ይሰበር ጀመር። ሕመሙ «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ ትርጓሜውም «ያማል፣ ያማል» እንደ ማለት ነው። ከተጠቂዎቹ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋና ብዙ ልጆች የወለዱ እናቶች ነበሩ። የጃፓን መንግሥት ሕመሙ በብክለት የመጣ መሆኑን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የተበከለውን የሩዝ ማሳ አፈር የመተካቱና የማደሱ ሥራ ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታትን ወስዷል። ሩዙ ግን ብክለቱ ሳይታወቅ በቆየባቸው ዓመታት ይዘራ፣ ይታጨድ፣ ይበላም ነበር።

ከቤል ሙከራ እስከ ቅጠሉ ውስጥ

ፎቶአኩስቲክ የተሰኘው ክስተት አዲስ ግኝት አይደለም። ስልክን በመፈልሰፍ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 ከረዳቱ ከቻርልስ ሰምነር ቴይንተር ጋር ድምፅን በብርሃን ጨረር ለማስተላለፍ ሲሞክር፣ በፍጥነት እየተቆራረጠ የሚመጣ የፀሐይ ብርሃን በአንድ ጠጣር ነገር ላይ ሲያርፍ ያ ነገር ድምፅ እንደሚያሰማ አስተዋለ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ብርሃኑ ሲያርፍ ነገሩ ይሞቃል፤ ሲቋረጥ ይቀዘቅዛል። ይህ ሙቀት በአጠገቡ ያለውን አየር በተራ ያሰፋዋል፣ ያኮማትረዋልም። የአየር ግፊት በተራ መጨመርና መቀነስ ደግሞ ድምፅ ነው።

ግኝቱ ጥሩ ማይክሮፎንና ጠንካራ የብርሃን ምንጭ ባለመኖሩ ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ቆየ። እንደገና ያንሰራራው ሌዘር ከተፈለሰፈ በኋላ በ1970ዎቹ ሲሆን፣ በአሜሪካ በቤል ስም በተሰየመው ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት አለን ሮዘንክዌይግና አለን ጌርሾ በ1976 ለጠጣር ነገሮች የሚያገለግለውን ንድፈ ሐሳብ አሳተሙ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብርሃን የማያሳልፉ፣ የሚበትኑ ወይም ለመፍጨት የማይመቹ ነገሮችን እንዳሉ መመርመር ተቻለ። ቅጠል ከእነዚህ አንዱ ነው።

የቅጠል ምርመራው የሚከናወነው በቀላል መርህ ነው። ትንሽ የቅጠል ቁራጭ፣ በአንዳንድ መሣሪያዎችም ከተክሉ ሳይቆረጥ፣ አየር በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። በመስኮቱ በኩል የሚቆራረጥ ብርሃን ይገባል፤ በጎን የተገጠመ ማይክሮፎን ደግሞ የግፊቱን ለውጥ ይመዘግባል። የብርሃኑ ቀለም ሲለዋወጥ ቅጠሉ የትኛውን ቀለም ምን ያህል እንደሚውጥ ይታወቃል። የመቆራረጡ ፍጥነት ሲለዋወጥ ደግሞ ምልክቱ የሚመጣበት ጥልቀት ይለወጣል። ሙቀት እንደ ውሃ ባለ ቁስ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት መሠረት አድርጎ ሲሰላ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚቆራረጥ ብርሃን ወደ 70 ማይክሮሜትር ገደማ ከሚሆን ጥልቀት ወሬ ያመጣል፤ በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚቆራረጠው ግን ከላይኛው 7 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም ቅጠሉ ሳይሰነጠቅ የላይኛው ሽፋንና የውስጠኛው አረንጓዴ ክፍል ለየብቻ ሊመረመሩ ይችላሉ።

የተመረዘ ቅጠል ምን ይናገራል?

ቅጠል የዋጠውን ብርሃን በሦስት መንገድ ያወጣዋል። አንዱ ክፍል በብርሃን አስተፃምሮ ምግብ ለመሥራት ይውላል። እጅግ ጥቂቱ እንደ ገና ብርሃን ሆኖ ይመለሳል። ቀሪው ሙቀት ይሆናል። ፎቶአኩስቲክ መሣሪያ የሚሰማው ይህን የመጨረሻውን ነው። ምግብ የመሥራቱ ሂደት ሲዳከም ሙቀቱ ይጨምራል፤ ይህ የአንድ ገቢ ሦስት ወጪ ሒሳብ ስለ ተክሉ ጤና ብዙ ይናገራል።

ከዚህ በላይ የሚያስገርም ነገር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሬሆቮት በሚገኘው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች ታየ። ሽሙኤል ማልኪን፣ ዴቪድ ካሄንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ብርሃኑ በዝግታ ሲቆራረጥ ማይክሮፎኑ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ከቅጠሉ በየምቱ የሚወጣውን ኦክስጅንም ይሰማል። ኦክስጅኑ ከተሠራበት ቦታ ተነሥቶ የሕዋሱን ውሃ አቋርጦ ወደ አየር እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ መቆራረጡ ሲፈጥን የኦክስጅኑ ምት ይጠፋና የሙቀቱ ብቻ ይቀራል። ሁለቱን ፍጥነቶች በማነጻጸር የአንድን ቅጠል «ትንፋሽ» እና «ትኩሳት» በአንድ መሣሪያ መለካት ተቻለ ማለት ነው።

መርዛማ ብረት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ በብዙ በር ነው። ካድሚየም፣ መዳብና ሌሎች ብረቶች በክሎሮፊል እምብርት ያለውን ማግኒዚየም አስወጥተው ቦታውን ሊይዙ ይችላሉ፤ እንዲህ የተለወጠው ክሎሮፊል ብርሃን ቢውጥም ጉልበቱን እንደሚገባው አያስተላልፍም። ውሃን ሰንጥቆ ኦክስጅን የሚያወጣው የሕዋስ ክፍልም ይጎዳል። ካድሚየም በሥሩ በኩል የአይረንን መግባት ስለሚያውክ አዲስ ክሎሮፊል መሠራቱ ይቀንሳል፤ ቅጠሉም ውሎ አድሮ ይገረጣል። በፎቶአኩስቲክ መዝገብ ላይ ይህ ሁሉ የሚታየው የኦክስጅኑ ምት ሲደክም፣ የሙቀቱ ድርሻ ሲያድግና የክሎሮፊል መለያ የሆነው በቀዩ ብርሃን ክልል በ680 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ጉልላት ሲያጥር ነው። የዚህ ዓይነቱ ለውጥ ቅጠሉ በዓይን ሲታይ ገና አረንጓዴ ሳለ ሊጀምር ይችላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ተግሣጽ በዚህ ቦታ በቃሉም በምሥጢሩም ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ ተክሉ የሚያወጣውን ጋዝ መከታተል ነው። ዕፅዋት ሲጨነቁ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ይለቃሉ፤ ሙዝና ቲማቲም እንዲበስሉ የሚያደርገውም ይኸው ጋዝ ነው። በኔዘርላንድስ የናይሜኸን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሌዘር የሚሠራ ፎቶአኩስቲክ መሣሪያ በማበልጸግ፣ በመጀመሪያ ከኦርኪድ አበቦች የሚወጣውን ኤቲሊን ለመለካት ተጠቅመውበታል። መሣሪያው ከቢሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል ከአንድ ያነሰ የኤቲሊን ድርሻን እንኳ ሊለይ ይችላል። እንደ መዳብና ካድሚየም ያሉ ብረቶች የኤቲሊንን መጠን እንዲጨምር ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ይህ ዘዴ የተክሉን «የጭንቅ ጩኸት» ቅጠል ሳይነካ ለመስማት ያስችላል።

ዝም የሚለው ካድሚየም

ይሁን እንጂ ዘዴው ሊያደርግ የማይችለውን ነገር መለየት፣ የሚችለውን ከማወቅ ያልተናነሰ አስፈላጊ ነው።

የመጀመሪያው ገደብ፣ ፎቶአኩስቲክ ምርመራ ተክሉ እንደተጎዳ እንጂ ማን እንደጎዳው አይናገርም። ድርቅ፣ ጨው፣ ብርቱ ሙቀትና የሻጋታ በሽታም የኦክስጅኑን ምት ያዳክማሉ፤ ኤቲሊንንም ይጨምራሉ። የበጋው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበት፣ አፈሩም ጨዋማ በሆነበት አካባቢ ይህ ገደብ ቀላል አይደለም። ትኩሳት መለኪያ ታማሚው እንዳተኮሰው ይናገራል፤ ወባ ይሁን ታይፎይድ ግን ደም ካልተመረመረ አይታወቅም። በዕፅዋትም ዘንድ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት የብረቱን ስምና መጠን ለይተው የሚናገሩት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ናቸው። ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎችም የተጻፉት በአንድ ኪሎግራም ምግብ ውስጥ ባለ ሚሊግራም እንጂ በቅጠል ጭንቀት መለኪያ አይደለም።

ሁለተኛው ገደብ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካዊው የአፈር ተመራማሪ ሩፈስ ቼኒ «የአፈርና የተክል አጥር» በሚል ሐሳብ ብረቶችን በባሕርያቸው ለይቷቸው ነበር። እርሳስና ክሮሚየም በአብዛኛው በአፈሩ ወይም በሥሩ ላይ ተይዘው ይቀራሉ፤ ወደ ቅጠልና ወደ ፍሬ የሚወጣው ጥቂት ነው። መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ደግሞ ሰውን ሊጎዳ የሚችል መጠን ላይ ከመድረሳቸው በፊት ተክሉን ራሱን ያቀጭጩታል፤ ማለትም ሰብሉ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ካድሚየም ግን ይህን አጥር ይሻገራል። አንድ ቆስጣ ወይም ሰላጣ ለምልሞ፣ ቅጠሉ ሰፍቶና አምሮ ሳለ ለሰው ጤና ከተፈቀደው በላይ ካድሚየም ሊይዝ ይችላል።

የዚህ ምክንያት በራሱ በተክሉ ጥበብ ውስጥ ይገኛል። በ1985 በጀርመን የሙኒክ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ዕፅዋት ፋይቶኬላቲን የተባሉ ትናንሽ ፕሮቲን መሰል ሰንሰለቶችን ሠርተው መርዛማውን ብረት ያስሩታል፤ ከዚያም በሕዋሱ ውስጥ ባለ ከረጢት ይቆልፉበታል። ተክሉ በዚህ መንገድ ራሱን ያድናል፤ የታሰረው ብረት ግን በቅጠሉ ውስጥ ስላለ ለሚበላው ሰው ወይም እንስሳ ይተላለፋል። በመሆኑም ጤናማ ድምፅ የሚያሰማ ቅጠል ሁሉ ጤናማ ምግብ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ፎቶአኩስቲክ መሣሪያ «ችግር አለ» ሲል ሊታመን፣ «ችግር የለም» ሲል ግን በቤተ ሙከራ ሊረጋገጥ ይገባዋል።

የአካባቢው አፈርና ውሃ

በመካከለኛው ምሥራቅ ጉዳዩን የተለየ የሚያደርገው የውሃ እጥረት ነው። እስራኤል ከምታመነጨው የፍሳሽ ውሃ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋውን አክማ በአመዛኙ ለእርሻ ታውላለች። በዮርዳኖስ ከአስ ሰምራ ማጣሪያ የሚወጣው ውሃ ወደ ንጉሥ ጠላል ግድብ ወርዶ የዮርዳኖስን ሸለቆ እርሻ ያጠጣል። በባሕረ ሰላጤው ሀገራትም የታከመ ውሃ ለመናፈሻ፣ ለእንስሳት መኖና ለዛፎች ይውላል። በሚገባ በታከመ ውሃ ውስጥ ያለው የብረት መጠን አነስተኛ ነው፤ ምክንያቱም በማጣሪያው ሂደት አብዛኛው ብረት ከውሃው ተለይቶ ወደ ዝቃጩ ይወርዳል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ውሃው ብቻ ሳይሆን ዝቃጩ የት እንደሚጣል ወይም እንደ ማዳበሪያ በየትኛው ማሳ ላይ እንደሚበተን ጭምር ነው።

የአካባቢው አፈር በዚህ ረገድ አንድ ጸጋና አንድ ዕዳ አለው። ጸጋው በኖራ የበለጸገ መሆኑ ነው፤ ኖራማ አፈር ካድሚየምን አጥብቆ ስለሚይዝ ወደ ሥር የሚገባው ይቀንሳል። ዕዳው ጨው ነው። በመስኖ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከካድሚየም ጋር ተጣምሮ ከአፈሩ ቅንጣት ያላቅቀዋል፤ ለሥሩም የቀረበ ያደርገዋል። በአውስትራሊያ በድንች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ የካድሚየሙን መጠን የሚወስነው በአፈሩ ውስጥ ያለው የብረቱ ጠቅላላ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመስኖው ጨዋማነት ጭምር መሆኑን አሳይተዋል። አንድ ማሳ የአፈር ምርመራውን በመልካም ውጤት አልፎ ሳለ ጨዋማ ውሃ ሲጠጣ ሰብሉ ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጥናቱ አፈሩን ለብቻ፣ ውሃውን ለብቻ ከመመርመር ይልቅ ተክሉን ራሱን መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ያመለክታል።

ከአቃቂ እስከ አዋሽ

በኢትዮጵያ የችግሩ ገጽታ ከዚህ ይለያል። በአዲስ አበባ የታላቁና የትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካዎችን ተረፈ ምርት ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዳርቻቸው ለአሥርት ዓመታት ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንችና ካሮት ሲመረት ቆይቷል። በሞጆ አካባቢ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎች መበራከት የክሮሚየምን ጉዳይ ዋና ርዕሰ ጉዳይ አድርጎታል። ካለፉት ሃያ ዓመታት በላይ በተከታታይ የወጡ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች በእነዚህ ወንዞች በሚለማ አፈርና ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ካድሚየም፣ እርሳስና ክሮሚየም ከሚመከረው በላይ የተገኘባቸው ቦታዎች መኖራቸውን አመልክተዋል። ቅጠላማ የሆኑት ከሥራሥርና ከፍሬ ይልቅ ብዙ ብረት እንደሚይዙም ጥናቶቹ ይስማማሉ።

ይህን ማለት ግን በወንዝ ዳር የሚያርሰውን ገበሬ መውቀስ አይደለም። ገበሬው ወንዙን አልበከለም፤ ያገኘውን ውሃ ተጠቅሞ ከተማዋን መግቧል። ከማሳው ቢነሣም ብክለቱ ከወንዙ አይነሣም። በአቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር የሸክላ አፈር ብረትን የመያዝ ኃይሉ ከፍተኛ በመሆኑ እስካሁን እንደ መከታ ሆኗል፤ ሆኖም በያዘው መጠን እያከማቸ ነው። በሌሎች የሀገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች የተስፋፋው የአፈር አሲዳማነት ደግሞ ካድሚየምን ከአፈር የሚያላቅቅ ሁኔታ ነው። አሲዳማነትን ለመቀነስ ኖራ መጨመር ምርትን ከማሳደጉ ሌላ ይህን ስጋትም ሊቀንስ ይችላል።

በዚህ ምርምር ውስጥ ኢትዮጵያዊ መሠረት ያለው አንድ ተክልም አለ። በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው የሐበሻ ጎመን፣ የብረት ብክለትን የመቋቋምና ብረትን ከአፈር የመሳብ ባሕርዩ በተለያዩ ሀገራት ተጠንቷል። ለምግብ ሲሆን ይህ ባሕርይ ስጋት ነው፤ የተበከለ መሬትን ለማጽዳት ሲሆን ግን ተስፋ ነው። በ2001 በፍሎሪዳ አርሰኒክን በከፍተኛ መጠን የምትስብ የፈርን ዝርያ መገኘቷ ለዚህ ዓይነቱ ጥረት መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ለጽዳት የተተከለ ተክል ተነቅሎ በጥንቃቄ መወገድ እንጂ ለሰውም ለከብትም መቅረብ የለበትም።

በወጥ ቤት ደጃፍ

ለተራው ሸማች ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው? የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2010 ባስቀመጠው መሠረት፣ አንድ ሰው በወር ሊታገሠው የሚችለው ካድሚየም ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎግራም 25 ማይክሮግራም ነው። ክብደቷ 60 ኪሎግራም ለሆነ ሴት ይህ በወር 1,500፣ በቀን ደግሞ ወደ 50 ማይክሮግራም ይሆናል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው ከፍተኛው የካድሚየም መጠን በኪሎግራም 0.2 ሚሊግራም ነው። ልክ በዚህ ወሰን ላይ ያለ ጎመን በቀን 200 ግራም ቢበላ 40 ማይክሮግራም ካድሚየም ወደ ሰውነት ይገባል። ይህ ከቀኑ ድርሻ አራት አምስተኛው ነው፤ ሩዙ፣ ዳቦውና ድንቹ ገና አልተቆጠሩም። በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው አትክልት ከወሰኑ በእጅጉ የሚያንስ መጠን ያለው ቢሆንም፣ ስሌቱ ወሰኑን ማስከበር ለምን ቸል እንደማይባል ያሳያል።

በዚህ ረገድ በቤት ውስጥ የሚደረጉ ጥንቃቄዎች ሚናቸው የተለያየ ነው። ቅጠልን በብዙ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ከመንገድ አቧራ ጋር በቅጠሉ ላይ ያረፈውን እርሳስ ይቀንሳል፤ በሥሩ በኩል የገባውን ካድሚየም ግን አያወጣውም። ሩዝን በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት አርሰኒክን ይቀንሳል። የአይረን እጥረት ያለበት ሰው አንጀቱ ካድሚየምን አብዝቶ ስለሚቀበል፣ በተለይ ለሴቶች የደም ማነስን መታከም ከዚህም ጉዳት መከላከያ ነው። ምግብን ማፈራረቅ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ የመጣ አንድ ዓይነት አትክልት አለመመገብም ይረዳል። በጓሮ ወይም በጋራ የአትክልት ቦታ ጎመን የሚያለሙ ቤተሰቦች ቦታው ቀደም ሲል ጋራዥ፣ የባትሪ መጠገኛ ወይም የቆሻሻ መጣያ እንዳልነበረ ማጣራት፣ ጥርጣሬ ካለም በንጹሕ አፈር በተሞላ ሣጥን ላይ መትከል ይመከራል።

የሚጠበቀው

ከላይ የተመለከቱት እውነታዎች ሲጠቃለሉ፣ ፎቶአኩስቲክ ስፔክትሮስኮፒ የምግብ ደኅንነትን ችግር ብቻውን የሚፈታ መሣሪያ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ትክክለኛ ቦታው የተመራማሪውና የማሳው ድንበር ላይ ነው። የትኛው የጎመን ወይም የስንዴ ዝርያ ብረትን እንደሚቋቋም ለመምረጥ፣ ኖራ ወይም ብስባሽ በተጨመረበት አፈር ላይ ችግኙ ማገገም አለማገገሙን በቀናት ውስጥ ለመለየት፣ ወደ ውድ የኬሚስትሪ ምርመራ ሊላኩ የሚገባቸውን ናሙናዎች ለማጥበብ ያገለግላል። ዘዴው ቅጠሉን አይፈጭም፣ ኬሚካል አይፈልግም፣ አንዱኑ ተክል በየቀኑ ደጋግሞ ለመመርመር ያስችላል። በቻይና ናንጂንግ የአፈር ተመራማሪዎችም የአፈርን ይዘት በዚሁ መርህ ለመለካት ሲሠሩ ቆይተዋል። ማይክሮፎንና የብርሃን አመንጪ ዳዮድ ዋጋቸው እየወረደ መምጣቱ ለታዳጊ ሀገራት ቤተ ሙከራዎች መልካም አጋጣሚ ነው። ከጫጫታና ከንዝረት የተጠበቀ ክፍል የሚፈልግ መሆኑ ግን ከማሳ ይልቅ በቤተ ሙከራ እንዲወሰን አድርጎታል።

ከመሣሪያው በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ምርመራ የሚያወጣው ውጤት ለሸማቹ በይፋ ካልተነገረ፣ ፍሳሽ የሚለቀው አካል ወጪውን ካልሸፈነ፣ ማሳው የተበከለበት ገበሬም ንጹሕ ውሃ ወይም ሌላ መተዳደሪያ ካላገኘ፣ የማሽኑ መራቀቅ ብቻ የማዕዱን ደኅንነት አያረጋግጥም። የጂንዙ ወንዝ ገበሬዎች ሕመማቸውን ከመንግሥት ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ያጡት የሚሰማቸውን ነበር። ዛሬ ሳይንስ የቅጠልን ስስ ድምፅ እንኳ ለመስማት ችሏል። በአቃቂ ዳርቻ የሚያርሰው ገበሬና በባሕረ ሰላጤው ገበያ ጎመን የምትመርጠው ሠራተኛ የሚያነሡት ጥያቄም ያንኑ ያህል ሊደመጥ ይገባል።